ስልኩ ሲደወል ዝግጁ ናችሁ? ጤነኛ ሰው የደም ግንድ ሕዋስ ለመለገስ እንዴት ይዘጋጃል

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም በሌላ ቦታ «የጉንጫችሁን ውስጥ በጥጥ አስነክታችሁ ለጋሽ ሁኑ» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመዋችሁ ይሆናል። ምዝገባው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከባዱ ነገር ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ስልኩ ሲደወል ይመጣል። ተመዝግበው ሲጠሩ የሚቀሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዝግጅቱ ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ራሳችሁ ጤና የምትጠይቁት ሐኪማችሁን ነው።

ለምን እኛ?

የደም ግንድ ሕዋስ፣ ስቴም ሴል የሚባለው፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሆኖ ደማችንን የሚያመርት ነው። በደም ካንሰር የተያዘ ሰው የሌላ ጤነኛ ሰው ሕዋስ ሊያስፈልገው ይችላል። የሁለቱ ኤች ኤል ኤ የተባለ የቲሹ ዓይነት መግጠም አለበት፤ ይህም ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ በመዝገብ ይፈለጋል፤ እዚያም የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ የዘር ሐረጉ የሚቀራረብ ሰው ነው። ኤን ኤም ዲ ፒ የተባለው የአሜሪካ መዝገብ እንደሚገልጸው፣ ነጭ ታማሚ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁር ታማሚ 29 በመቶ ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጅ ቢታመም፣ የሚገጥመው ሰው ከእኛ መካከል የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ከጥሪው እስከ ልገሳው

1. ማረጋገጫ። ደም ተወስዶ መግጠማችሁ እንደገና ይረጋገጣል፤ እንደ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ያሉ በሽታዎችም ይመረመራሉ።

2. ሙሉ የጤና ምርመራ። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚመለከተው የእናንተን ደኅንነት ነው። የምትወስዱትን መድኃኒትና የቤተሰብ በሽታ አትደብቁ። እርግዝና ካለ ልገሳው ይተላለፋል።

3. መርፌ። አብዛኛው ልገሳ ከክንድ ደም ነው። ከዚያ በፊት ለ4 ወይም ለ5 ቀናት ፊልግራስቲም የተባለ መድኃኒት ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ግንድ ሕዋሶቹን ከመቅኔ ወደ ደም ያወጣቸዋል። አጥንት ይቆረጥማል፣ ራስ ያማል፣ ይደክማል። ብዙውን ጊዜ ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል፤ አስፕሪን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ጣፊያ ሊያብጥ ስለሚችል በእነዚህ ቀናት መጋጨት ያለበትን ስፖርት ተዉ።

4. የልገሳው ቀን። ደሙ በአንድ ክንድ ወጥቶ በማሽን ያልፋል፤ ግንድ ሕዋሱ ተለይቶ የቀረው በሌላው ክንድ ይመለሳል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ሁለተኛ ቀን ያስፈልጋል። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ነገር ካልሲየም ስለሚይዝ ከንፈርና ጣት ሊነዝር ይችላል፤ ወዲያው ለነርሷ ተናገሩ።

ቀኑ ረመዷን ላይ ቢውል አስቀድማችሁ ለሕክምና ቡድኑ ንገሩ፣ የምታምኑትን ዓሊምም ጠይቁ። በጾም ምክንያት ሳትናገሩ መቅረት ግን አይገባም።

አማናው የት ላይ ነው?

ድልድይ የሚጠግን ሰው አዲሱ ብረት መድረሱን ሳያረጋግጥ አሮጌውን አያፈርስም። በዚህ ሕክምና ግን ማፍረሱ ይቀድማል። ሕዋሱ ከመሰጠቱ ከቀናት በፊት ታማሚው ጠንካራ ኬሞቴራፒ ይወስዳል፤ የራሱ መቅኔ ይጠፋል። እናንተ መርፌውን ስትጀምሩ እሱ ምናልባት መመለስ የማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

በሕግ ማንም አያስገድዳችሁም። ነገር ግን «አልችልም» ማለት ካለባችሁ በመጀመሪያው ስልክ በሉት። ያኔ ሌላ ለጋሽ ለመፈለግ ጊዜ አለ፤ እናንተም ማንንም አልጎዳችሁም። ነፍስን ስለ ማትረፍ የሚያስተምረንን የሱረቱል ማኢዳ 32ኛ አንቀጽ በመድረሳ ተምረነዋል። ቃልን መጠበቅም ከዚያው ዲን የተማርነው ነው።

እማማና አባባ ሲሰጉ

ብዙ ለጋሽ የሚቀረው ቤተሰብ ሲደነግጥ ነው። «መቅኔ» ሲባል ወላጆቻችን ኅብለ ሰረሰር ተነክቶ ልጃቸው ሽባ የሚሆን ይመስላቸዋል። በአማርኛ አስረዷቸው፦ አከርካሪ አይነካም። መቅኔው ራሱ በሚወሰድበት ጊዜም ለጋሹ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ከዳሌው አጥንት የኋላ በኩል ነው፤ ወገብ ለተወሰኑ ቀናት ያማል። የተወሰደውን ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይተካዋል። ይህን የምትነግሯቸው ስትጠሩ ሳይሆን ስትመዘገቡ ይሁን።

ከመመዝገባችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

• ለማላውቀው፣ ምናልባትም ሙስሊም ላልሆነ ሰው እሰጣለሁ?
• ከሥራ ወይም ከትምህርት ጥቂት ቀናት መቅረት እችላለሁ?
• ስልኬና አድራሻዬ ሲቀየር ለመዝገቡ አሳውቃለሁ?

መልሱ «አዎ» ከሆነ ኒያችሁን አስተካክላችሁ ተመዝገቡ። ኤን ኤም ዲ ፒ ከ18 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወጣቶችን፣ የብሪታንያው አንቶኒ ኖላን ከ16 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይመዘግባሉ። «ገና ነኝ» ከሆነም ነውር የለውም፤ ስትዘጋጁ ትመለሳላችሁ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይለግሳቸው፣ እኛንም ቃላችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።