«ኑ» ስንባል የምንመልሰው

 

የስልካችን አዛን ገና «አላሁ አክበር» ሲል ብዙዎቻችን በጣታችን እናጠፋዋለን። የመስጂዱን ደግሞ ወሬያችንን ሳናቋርጥ እንሰማዋለን። ሶላቱን ኋላ እንሰግድ ይሆናል፤ ጥሪው ግን መልስ ሳያገኝ አለፈ። ዛሬ ስለዚህ መልስ እንማማር።

አዛን የተደነገገው ከሂጅራ በኋላ መዲና ላይ ነው። ሙስሊሞች ለሶላት በምን እንደሚጠራሩ ሲመካከሩ ደወልም ጥሩንባም ተነስቶ ነበር። ከዚያ ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) የአዛንን ቃላት በህልሙ ሰማ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የእውነት ህልም መሆኑን ነግረውት፣ ድምፁ የተሻለ ነውና ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት። መካ ላይ ስለ እምነቱ የተሰቃየው ሐበሻዊው ቢላል የመጀመሪያው ሙአዚን ሆነ።

የሰሚው ድርሻ ሙአዚኑ የሚለውን እየተከተለ መድገም ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን መልሱ ይለያል። «ሐይየ ዐለስ-ሶላህ» (ወደ ሶላት ኑ) እና «ሐይየ ዐለል-ፈላሕ» (ወደ ስኬት ኑ) ሲል፣ እኛ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» እንላለን። ያለ አላህ ብልሃትም ኃይልም የለንም ማለት ነው።

ለምን ተለየ? ሌሎቹን ቃላት ስንደግም አላህን እያላቅንና እየመሰከርን ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ትእዛዝ ናቸው። «ኑ» የተባለ ሰው መልሶ «ኑ» አይልም፤ ለመነሳት አቅም ይለምናል። በጎንደር ብርድ ለሱብሒ ከብርድ ልብስ መውጣት ያቃተው ሰው ይህን ያውቀዋል። «ጌታዬ፣ አንተ ካላነሳኸኝ አልነሳም» እያለ ነው። ሰነፍ ነኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ከዚህች ቃል ይጀምር።

አዛኑ ሲያልቅ ሰለዋት እናወርዳለን፤ ለነቢዩም ወሲላን እንለምናለን። ይህን ያደረገ የቂያማ ቀን ሸፈዓቸው ተስፋ ተሰጥቶታል። በአዛንና በኢቃማ መሀል የሚደረግ ዱዓም አይመለስም፤ ያችን ጊዜ በስልክ አናባክናት።

የጁሙዐ ጥሪ ደግሞ ከምላስ ያለፈ መልስ ይፈልጋል። ሱረቱል ጁሙዐ 9ኛው አንቀጽ ጥሪው ሲሰማ ወደ አላህ ዚክር እንድንሄድ፣ መሸጥ መግዛቱንም እንድንተው ያዛል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ሲወሰን መኖሪያቸው አዲስ ዓለም ሆነች። ብዙዎቹም በንግድ የሚኖሩ ነበሩ። ለነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የዚህ ጥሪ መልስ ሱቁን መዝጋት ነው።

በደባርቅና በዳባት ደጋ መስጂድ የራቀህ ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ጥሪ አልቀረብህም። በተራራ ጫፍ ላይ ብቻውን አዛን ብሎ በሚሰግድ እረኛ አላህ እንደሚደሰት በሐዲስ መጥቷል። የሙአዚን ድምፅ የደረሰው ሁሉ የቂያማ ቀን ይመሰክርለታል። እህቴ ሆይ፣ መልሱ ላይ ምንዳው ለአንቺም እኩል ነው፤ ቤትሽ ሆነሽ መልሺ።

የዚህ ሳምንት ሥራችን አንድ ይሁን፦ በቀን ቢያንስ አንዱን አዛን ስልካችንን አስቀምጠን እስከ መጨረሻው እንመልስ።

አላህ ጥሪውን ሰምተው ከሚነሱት ያድርገን። አሚን።