አርባ አፍ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቀዳዳ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ዶርዜ። ሽማግሌው ሸማኔ ናቸው። ልጅቷ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታጠና የጎረቤት ልጅ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ነው።

ሽማግሌው፦ እንቆቅልሽ!

ልጅቷ፦ ምን አውቅልዎ!

ሽማግሌው፦ ሲወስዱበት የሚያድግ፣ ሲሰጡት የሚያልቅ?

ልጅቷ፦ ይኼማ የሕፃን ነው፣ ጋሼ። ጉድጓድ! አገር አልሰጥም።

ሽማግሌው፦ ቆይ፣ አልጨረስሽም። ጉድጓድ ራሱ ምንድን ነው?

ልጅቷ፦ ምንም። አፈሩ ሲወጣ የቀረ ባዶ ነዋ።

ሽማግሌው፦ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እግሬን “ምንም” ውስጥ ዘርግቼ ነው የሸመንኩት በይኛ! ነይ የሽመና ጉድጓዴን እዪው። አፉ ላይ እቀመጣለሁ፤ እግሬ ታች መርገጫው ላይ ነው። አንዱን ስረግጥ የድሩ እኩሌታ ዝቅ፣ እኩሌታው ከፍ ይልና መሐሉ ይከፈታል። መወርወሪያው ማጉን ይዞ በዚያ ያልፋል። እግሬን ስቀይር ይዘጋል። ጉድጓዱ ባይኖር መርገጫው የሚወርድበት የለውም።

ልጅቷ፦ ድሩ መሐል የሚከፈተው ቀዳዳ ሁልጊዜ ያው ነው ወይስ በየጊዜው አዲስ?

ሽማግሌው፦ አዲስ ነው እንጂ። የጠዋቱ ተዘግቶ ነጠላ ሆኗል፤ ጥለቱ ላይ ደርሻለሁ።

ልጅቷ፦ ግን ጋሼ፣ ባዶው እኮ አይገፋም፣ አይጎትትም። ምን ሠራ ይባላል?

ሽማግሌው፦ አለመከልከል ነው ሥራው።

ልጅቷ፦ አለመከልከል ሥራ ከሆነማ እኔም ዛሬ ስሠራ ዋልኩ።

ሽማግሌው፦ አንቺስ ከለከልሽኝ! ክሩን አላጠነጠንሽልኝም።

ልጅቷ፦ በ1970 እ.ኤ.አ. ፈላስፋው ዴቪድ ልዊስና ሚስቱ ስቴፋኒ ልክ እንደ እኛ ስለ ቀዳዳ የሚከራከሩ የሁለት ሰዎች ምልልስ ጽፈው ነበር። አንደኛው ተከራካሪ፣ ያለው ነገር ቁስ ብቻ ነው ባይ ነው። ቀዳዳስ ሲሉት፣ ቀዳዳ ማለት ዙሪያው ያለው ገጽ ነው አለ።

ሽማግሌው፦ ታዲያ እግሬን የምዘረጋው ግድግዳው ውስጥ ነው? የቆጮ ጉድጓዱን ዙሪያ በእንሰት ቅጠል እናለብሰዋለን፤ ቆጮውን የምንቀብረው ግን ቅጠሉ ውስጥ ሳይሆን ቅጠሉ በከበበው ቦታ ነው። ሰውዬው ሚስት የለችውም መሰለኝ፤ ብትኖር ትነግረው ነበር።

ልጅቷ፦ እንግዲያው ውስጡ ያለው አየር ነው እንበል?

ሽማግሌው፦ ይኼን ቤት ተመልከቺ። የቀርከሃ ቤታችን አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ያጥራል። ባሰበት ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ያነሳውና ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ያን ጊዜ በሩ አብሮ ይሄዳል ወይስ ይቀራል?

ልጅቷ፦ ይሄዳላ።

ሽማግሌው፦ በሩ ላይ የነበረው አየርስ?

ልጅቷ፦ እሱ እዚያው ቀረ። እሺ፣ አየር አይደለም። የሽመናው ጉድጓድ ግን ከቤቱ ጋር አይነሳም።

ሽማግሌው፦ አይነሳም። በሩ የቀርከሃው ነው፣ ጉድጓዱ የመሬቱ። ቀዳዳ ባለቤት አለው።

ልጅቷ፦ ያለ ባለቤት መቆም ካልቻለ፣ ራሱን ችሎ የለም ማለት ነዋ።

ሽማግሌው፦ ቋጠሮስ? ክሩን ትተሽ ቋጠሮውን ብቻ አምጪልኝ ብልሽ አታመጪም። ቋጠሮ የለም የሚል ሸማኔ ግን አላየሁም።

ልጅቷ፦ ይሁን። አሁን ተራው የእኔ ነው። የለበሱት ካናቴራ ስንት ቀዳዳ አለው?

ሽማግሌው፦ አንገቱ አንድ፣ እጅጌው ሁለት፣ ታችኛው አንድ። አራት። የተቀደደውን አልቆጥርም።

ልጅቷ፦ ሦስት ነው።

ሽማግሌው፦ ተምረሽ መቁጠር ጠፋሽ?

ልጅቷ፦ ላስቲክ ነው ይበሉ። የታችኛውን ጠርዝ በየአቅጣጫው ወጥረን መሬት ላይ ብንዘረጋው፣ ያ አፍ የክቡ ዳር ይሆናል። መሐል የሚቀሩት አንገቱና ሁለቱ እጅጌዎች ናቸው። ቶፖሎጂ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ እንዲህ ነው የሚቆጥረው፤ መሳብና ማጠፍ ይፈቀዳል፣ መቅደድና መስፋት ክልክል ነው። ሱሪም ሦስት አፍ አለው፣ ሁለት ቀዳዳ።

ሽማግሌው፦ ከአፉ አንድ መቀነስ ነዋ! እንግዲያው ታች ነጭ ሣር ፓርክ ጫካ ውስጥ የሚፈልቁት ምንጮችስ? አርባ ናቸው ይባላል።

ልጅቷ፦ ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ በአለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ነው ከተራራው ሥር የሚወጣው። ውስጥ ለውስጥ አንድ ዋሻ ላይ ተገናኝቶ በአርባ አፍ ወጣ ብንል፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቀዳዳ።

ሽማግሌው፦ ይኼን ለአርባ ምንጭ ሰው እንዳትነግሪ፤ የሚጠጣው ከዚያ ነው። አንድ ምንጭ ሰረቀችን ይልሻል።

ልጅቷ፦ ስንጥቆቹ ግን አንድ ዋሻ አይደሉም፤ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ተለያይተው በተገናኙ ቁጥር ሌላ ቀዳዳ ይጨመራል። አፉን ከላይ መቁጠር ይቻላል፤ የታችኛውን ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

ሽማግሌው፦ የእኔ ጉድጓድስ? አፉ አንድ ነው።

ልጅቷ፦ አንድ ሲቀነስ... ዜሮ።

ሽማግሌው፦ ዜሮ!

ልጅቷ፦ የቆጮውም ዜሮ። የእንጀራ ዓይንም ዜሮ ነው፤ ላዩ ላይ ይከፈታል እንጂ ወደ ሥሩ አያሳልፍም።

ሽማግሌው፦ ዓይን የሌለው እንጀራ ቢሰጡሽ ትገዢያለሽ?

ልጅቷ፦ አልገዛም።

ሽማግሌው፦ ይኸው! ትምህርታችሁ የሚቆጥረው የሚያሳልፈውን ነው፤ የሚይዘውን አይቆጥርም።

ልጅቷ፦ እውነትዎን ነው። ሮቤርቶ ካሳቲና አኪሌ ቫርዚ የተባሉ ጣሊያናውያን ፈላስፎችም በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ለይተዋቸዋል፦ ጎድጓዳው ለብቻ፣ ዘልቆ የሚወጣው ለብቻ፣ ውስጥ ተዘግቶ የቀረው ለብቻ።

ሽማግሌው፦ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ይኼ ጋቢስ?

ልጅቷ፦ በክሮቹ መሐል ያለውን ካልቆጠርን ዳሩ አንድ ነው። ዜሮ።

ሽማግሌው፦ ጋቢና ጉድጓድ እኩል ሆኑ?

ልጅቷ፦ ለቶፖሎጂ አንድ ናቸው። ላስቲክ ቢሆን ጋቢውን መሐሉን ወደ ታች ገፍተን ጉድጓድ እናደርገዋለን።

ሽማግሌው፦ እንግዲያስ መምህርሽን አንድ ቀን ዶርዜ ይዘሽው ነይ። ሌሊት ሲበርደው ጉድጓድ እናለብሰዋለን።