ትምህርት ዘጠኝ፦ ገበሬ፣ ገባር፣ ግብር

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም በ«ለ»ና በ«ሐ» ሥር የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ።

መንግሥት ግብር ለመሰብሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚገበርበት ሀብት ልክ ነው። ልኩ በግልጽ የታወቀ እንደ ሆነ ግብሩን ማስላት ቀላል ነው። ለምሳሌ የሎተሪ ዕጣ የወጣለት ሰው ያገኘው ገንዘብ የተቆጠረ ስለ ሆነ አያከራክርም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ሙከራ በሚገኝ ገንዘብ ላይ ከመቶ 15 ግብር ሲጥል፣ ከፋዩ ድርጅት ግብሩን ቀንሶ እንዲያስቀር አዘዘ። በካሪቢያን ባሕር የሚገኙት የካይማን ደሴቶች ደግሞ ከነዋሪዎቻቸው የገቢ ግብር አይጠይቁም። የደሴቶቹ መንግሥት በአብዛኛው የሚተዳደረው ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በሚጥለው ቀረጥና ከኩባንያዎች በሚቀበለው ክፍያ ነው። የገባ ዕቃ ይቆጠራል፤ ኩባንያም በመዝገብ ይገኛል።

የገበሬ ምርት ግን እንዲህ አይደለም። በማሳ ላይ የቆመ ጤፍ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው የሚናገረው ገማች ነው፤ ገማችም ሊሳሳት ወይም ሊያዳላ ይችላል።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ እርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ በገቢ መጠን የሚከፈል ግብር የሚተካ ነበር። ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት እንዲከፍል የታሰበ በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ከአሥራቱ የተሻለ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ገማቾች ወደ ጎጃም በተላኩ ጊዜ የቢቸና፣ የሞጣና የሌሎችም አውራጃዎች ገበሬዎች «አናስገምትም» አሉ።

ስለ ምን እንቢ አሉ? ጎጃም በዚያን ጊዜ የርስት አገር ነበር። መሬቱ በቀላድ ሳይለካ፣ ለየአካባቢው በተመደበ ቁርጥ ግብር ሲገበር ኖሯል። ስለዚህ ገበሬው «ግምት» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ልኬት» ብሎ ተረጐመው፤ ልኬትም ርስት ማጣትና ጭሰኛ መሆን መስሎ ታየው። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የነበረው ቅሬታም ጥርጣሬውን አባሰው።

ገማቾቹ በፖሊስ ታጅበው ቢመጡም ሥራቸውን መፈጸም አልቻሉም። ጠቡ ወደ ውጊያ ተለወጠ፤ ጦር ዘመተ፤ የጦር አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነበር።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው፣ የግብሩ ስሌት ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም። ግብር ከፋዩ ገማቹን ሊያምነው፣ የአዋጁንም ቃል በትክክል ሊረዳው ይገባል።

ለ. ሰዋስው

ገበሬ፣ ገባርና ግብር የተባሉት ስሞች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ይኸውም ግ-ብ-ር ነው። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ገበረ ግብር ከፈለ የሚል ፍች ይሰጣል።

1. ገበሬ፦ መሬት አርሶ የሚኖር ሰው።
2. ገባር፦ ግብር የሚከፍል ሰው።
3. ግብር፦ ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ ወይም ዕቃ፤ እንዲሁም በቤተ መንግሥት ወይም በመኳንንት ቤት የሚበላ ግብዣ።
4. ግብርና፦ የእርሻ ሥራ። «ግብርና ቀረጥ» በምንልበት ጊዜ ግን «ና» ሁለት ስሞችን የሚያያይዝ መስተጻምር ነው።

መልመጃ
1. ገመተ፣ ተገመተ፣ አስገመተ ከሚሉት ግሦች አድራጊው፣ ተደራጊውና አስደራጊው የትኛው ነው? በእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
2. ገበሬዎቹ «አንገመትም» ሳይሆን «አናስገምትም» ማለታቸው ምን የትርጉም ልዩነት ያመጣል?

ሐ. ድርሰት

ሁለት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የገማቹን፣ በሁለተኛው የገበሬውን ሐሳብ ከነምክንያቱ አቅርቡ። ከጻፋችሁ በኋላ «ግምት» እና «ልኬት» የሚሉትን ቃላት አንባቢ ሊያምታታቸው እንደማይችል አረጋግጡ፤ የምታምታታ አንዲት ቃል ካለች ፍችዋን እዚያው አስረዱ።