ደሴት፣ ዳርቻና ጠላቂ፦ ጣናን እንዴት እናስተምር?

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ የብስ ነው። ይህን ብያኔ ተማሪዎቻችን በቃላቸው ይወጡታል። ምሳሌ ስጡ ሲባሉ ግን ማልዲቭን፣ ሲሸልስን፣ ዛንዚባርን ይጠራሉ። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባና ሰማያዊ ውሃ ያለበት ሥዕል በየግድግዳውና በየስልኩ ስለሚታይ አይፈረድባቸውም። ቀጥሎ የሚጠይቁትም ተገቢ ጥያቄ ነው፦ «ጣናም እኮ ደሴት አለው፣ ዳርቻ አለው፤ ታዲያ ጠላቂ ለምን አይመጣበትም? እኛስ ለምን አትዋኙ እንባላለን?»

ይህን ጥያቄ ገሥጾ ማለፍ የመምህር ወግ አይደለም። መልሱ ውስጥ ጂኦግራፊም፣ ፊዚክስም፣ ባዮሎጂም አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን የልጁ ጤና አለ። ስለዚህ ዕጩ መምህራን ባልንጀሮቻችን ለማስተማር ልምምድ ሲወጡ እንዲጠቀሙበት ጉዳዩን ከፋፍለን እናቀርባለን።

ሀ. ደሴቶቹ ከምን ተሠሩ?

ማልዲቭ 1,200 ያህል ደሴቶች አሏት። የሠራቸው ኮራል የሚባል ጥቃቅን የባሕር እንስሳ ነው። ኮራል ከባሕር ውሃ ኖራ እየወሰደ ቤቱን ይገነባል፤ ሲሞት ቤቱ ይቀራል፤ በላዩ ሌላው ይሠራል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ተራራ ቀስ በቀስ ሲሰጥም ኮራሉ ዙሪያውን ወደ ላይ እየገነባ ቀለበት የመሰለ ደሴት እንደሚያስገኝ አስረድቷል። ያ የሚያማምር ነጭ አሸዋም አብዛኛው የተፈጨ ኮራልና ዛጎል ነው። ከምፅዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶችም የኮራል ወገን ናቸው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ደሴት የላትም። እንግዲህ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የአገሩ ደሴት ማለት የሐይቅ ደሴት ነው።

ኮራል ሦስት ነገር ይሻል፦ ጨዋማ ውሃ፣ ሙቀትና ብርሃን። የጣና ውሃ ጨው አልባ ነው። ሐይቁ ራሱ የተገኘው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ የውሃውን መውጫ በመገደቡ ነው። ስለዚህ በጣና ዳር የምናገኘው ጥቁር ድንጋይ፣ ጭቃና ደንገል ነው እንጂ ነጭ አሸዋ አይደለም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሌላ ዓይነት አፈጣጠር መሆኑን ለተማሪው እንንገረው።

ለ. ጠላቂ ለምን አይመጣም?

ብዙ ሰው «ጣና ጥልቅ ስለሆነ ነው» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ጀማሪ እስከ 18 ሜትር ድረስ እንዲወርድ ይሠለጥናል፤ ስለዚህ የጣናን ወለል ሊነካ ይችላል። ችግሩ ሲደርስ ምን ያያል ነው። በጠራ የኮራል ባሕር ውስጥ ጠላቂው ከ20 ሜትር በላይ አሻግሮ ያያል። ጣና ውስጥ ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየእርሻው አጥበው የሚያመጡት አፈር ውሃውን ስለሚያደፈርሰው የገዛ እጁን ለማየት ይቸገራል። አምባዛውም፣ ቆሮሶውም፣ በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎችም በአጠገቡ ሲያልፉ አያያቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1 አትሞስፌር ነው፤ በጣና ላይ ወደ 0.8 ይወርዳል። በውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ 1 አትሞስፌር ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ ሰው በባሕር ከ2 ወደ 1፣ ማለትም ወደ ግማሽ፣ በጣና ግን ከ1.8 ወደ 0.8 ይወርዳል፤ የኋለኛው ከግማሽ በታች ነው። ግፊት በፍጥነት ሲቀንስ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል፤ ይህም ሕመም ያመጣል። በመሆኑም ለባሕር የተዘጋጀ የመጥለቂያ ሠንጠረዥ እንዳለ ለጣና አይሠራም።

ሐ. ታዲያ እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል?

ወደ ጣና ደሴቶች የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለዋና ሳይሆን ለገዳማቱ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም አለ። በናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን አለ። በዘጌ፣ እሱ ልሳነ ምድር ቢሆንም፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕልና የቡናው ጫካ አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የባሕር መዝናኛ ልብስ ለብሶ የሚወረድበት ቦታ አይደለም፤ እንግዳው ሥርዓቱን አክብሮ ይገባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን ከነዙሪያው በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል።

መ. ዳርቻውና የልጁ ጤና

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው እንዴት እንደሚዞር መምህሩ በቅደም ተከተል ማወቅ አለበት፦

1ኛ. የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ከነእንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል።
2ኛ. ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በውሃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል፤ እዚያም ይራባል።
3ኛ. ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ሌላ እጭ በዓይን አይታይም፤ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።
4ኛ. በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ትል ሆኖ እንቁላል ይጥላል። ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ሲቆይም የጉበት ሕመም ያመጣል።

ቀንድ አውጣው የሚወደው ጥልቀት የሌለውን፣ ረጋ ያለውን፣ ሣርና ደንገል ያለበትን ዳር ነው። ልጅ የሚንቦጫረቀውም፣ እናት ልብስ የምታጥበውም፣ ውሃ የሚቀዳውም እዚያው ነው! በተጨማሪ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ።

አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ውሃው ከጠራ ንጹሕ ነው» ይባላል። የላንጋኖ ሐይቅ ቡናማ ነው፤ ሆኖም ከቢልሃርዚያ ነፃ መሆኑ ስለሚነገርለት ሰው ይዋኝበታል። ጥርት ያለ ምንጭ የመሰለ ጅረት ግን ቀንድ አውጣና እጭ ሊኖረው ይችላል። የውሃ መልክ ስለ በሽታ አይመሰክርም።

«አትዋኙ» ማለት ብቻ ደግሞ አይበቃም። ውሃ ቀድቶ የሚያድር ቤተሰብ ልጅ ሐይቁን አትንካ ቢሉት እንዴት ይሆናል? የሚቻለውን እናስተምር፦ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፤ ለገላ የሚሆነውን ውሃ ማፍላትና ማብረድ፣ ካልተቻለ ቀድቶ በንጹሕ ዕቃ ሁለት ቀን ማቆየት፣ እጩ ያለ ሰው ገላ ብዙ አይቆይምና፤ ሕመም የተሰማው ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ ግን እንደገና ይያዛል።

በዚህ ረገድ የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚጠቀሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «ለምን ሞቱ?» ብለው በመጠየቃቸው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ትምህርቱ ለእኛም ነው፦ በየቀኑ የምናየውን ነገር መጠየቅ።

ሠ. ለክፍል የሚሆን ሥራ

ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የውሃን ጥራት በነጭ ሰሐን ለካ። እኛም እንችላለን። የጣሳ ክዳን ነጭ ቀለም ቀብተን፣ ድንጋይ አስረን፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ከጀልባ መቆሚያው ላይ ሆነን፣ ውሃ ሳንነካ እናወርዳለን። የሚሰወርበትንና ሲሳብ የሚታይበትን ጥልቀት መዝግበን አማካዩን እንወስዳለን። ተማሪዎች ከዳር ርቀው ይቁሙ፤ ገመዱን የሚይዘው መምህሩ ይሁን። ሥራውን በነሐሴና በጥር ደግመን ብናወዳድር፣ አፈራችን ከማሳው ወዴት እንደሚሄድ ክዳኑ ራሱ ያስተምራል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በጣና ኮራል የማይበቅልበትን ምክንያት አስረዱ።
2. ከ10 ሜትር ጥልቀት በሚወጣ ጠላቂ ላይ ግፊቱ በባሕርና በጣና ስንት እጅ እንደሚቀንስ አስሉ።
3. የቢልሃርዚያን ዙር በሥዕል አሳዩ። ዙሩ በየትኛው ቦታ ቢቆረጥ ይቀላል? ለምን?
4. በምታስተምሩበት ቀበሌ ልጆች ውሃ የሚነኩበትን ቦታ በካርታ አመልክቱ፤ ለእያንዳንዱም የሚቻል መፍትሔ ጻፉ።

አራተኛውን ጥያቄ የሠራችሁ ካርታውን አምጡልን፤ ከዚህ ጋዜጣ ጎን እንለጥፈዋለን።