ፋጉሎው ለላም ወይስ ለጎመን? (ደረቅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ በቡቃያ ላይ ስለመነስነስ)

በተቋማችን ጓሮ የተተከለው ጥቅል ጎመን ቅጠሉ ቢጫ መሆን ከጀመረ ወዲህ በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ አዳራሽ የማይበርድ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዱ «ዩሪያ ይገዛለት» ይላል። ሌላው «የኑግ ፋጉሎ ወቅጠን እንነስንስበት» ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ፋጉሎ የከብት መኖ ነው፣ ለጎመን ማብላት ምን የሚሉት ነው!» እያለ ይስቃል። ነገሩ ግን የሚያሥቅ አይደለም። አብዛኞቻችን የምንመደበው ለማዳበሪያ የሚሆን ገንዘብ በማይገኝባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያ የትምህርት ቤቱ ጓሮ ቢጠወልግ ተማሪው አይቶ ዝም አይልም፤ ማታ ለአባቱ ይነግራል፣ አባቱ ደግሞ ገበሬ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አፈር ለምነት የምናስተምረውን ማን ይሰማናል? ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል ነው? ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። በመሆኑም ከታች ያሉት ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ የናይትሮጅን ረኀብ መሆኑን እንጠረጥራለን። የላይኛው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ግን ያጠረው ብረት ወይም ሰልፈር ሊሆን ይችላል፤ ናይትሮጅን ብንከምርበትም አይድንም። እንዲሁም በመረሬ መሬት ላይ ውኃ የተኛበት መደብ ቢጫ ይሆናል። የዚያ መድኃኒቱ ቦይ መቅደድ ነው እንጂ ማዳበሪያ አይደለም። የእኛ ጎመን ቢጫነቱ ከታች ወደ ላይ ነው፣ መደቡም ውኃ አልተኛበትም። ስለዚህ የተራበው ናይትሮጅን ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ተክል ከአፈር የሚመገበው በውኃ የሟሟ ማዕድን እንደሆነ አስረድቷል። ይህ ማለት ጎመን ፋጉሎን እንደ ላም አይበላም ማለት ነው። በፋጉሎ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በፕሮቲን መልክ የታሰረ ነው። የአፈር ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ፕሮቲኑን ሰብረው መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሥር የሚመጠው ያኔ ነው። እነዚህ ሠራተኞች ደግሞ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ካላገኙ አይሠሩም። ታዲያ ደረቅ ማዳበሪያ በደረቅ አፈር ላይ ነስንሶ መሄድ ምን ይፈይዳል? የተወሰነው በነፋስ ይሄዳል፣ ከሚፈርሰውም ውስጥ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተናል። የፍግ ክምር ሲገለበጥ አፍንጫን የሚወጋው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው፤ ሽታው የሚሄደው የጎመኑ ምግብ ነው።

ስንት ይበቃል ለሚለው የሒሳብ ሰዎች እርሳስ ያንሡ። ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለማወቅ የፕሮቲኑን መጠን ለ6.25 ማካፈል ነው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶው 30 ያህሉ ፕሮቲን ነው ብንል 30 ÷ 6.25 = 4.8፤ ማለትም በመቶ ወደ 5 የሚጠጋ ናይትሮጅን አለው። 10 ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ በአንድ ጊዜ 50 ግራም ናይትሮጅን እንጨምር ብንል 1 ኪሎ ፋጉሎ ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ወቅት አይለቀቅም፤ ሲሶው ይቀራል ብለን 1.5 ኪሎ እናድርገው። የደረቀ የበግና የፍየል በጠጥ ናይትሮጅኑ በመቶ 2 ገደማ ሲሆን የሚለቀውም በዝግታ ነው። በመጀመሪያው ወቅት ሲሶውን ብቻ ይሰጠናል ብንል 7.5 ኪሎ ሊያስፈልግ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅኑ በመቶ 46 ስለሆነ ለዚያው መደብ 109 ግራም ይበቃዋል፤ ከአንድ ጭብጥ ብዙም አይበልጥም። ዩሪያን የሚደግፉት ጓደኞቻችን በዚህ አልተሳሳቱም። ሆኖም ዩሪያ ናይትሮጅን እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ በጠጡ ግን ፎስፎረስም ፖታሲየምም ለአፈሩ ገላ የሚሆን ብስባሽም ይዞ ይመጣል።

አጨማመሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያው በሙቀጫ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋ፤ የደቀቀው ቶሎ ይፈርሳል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ በዙሪያው ይነስነስ። ግንዱን የነካ እንደሆነ ሲፈርስ ለጋውን ተክል ይጎዳዋል፣ ዝንብም ይጠራበታል። ከዚያ በቀስታ በመኮትኮት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን አፈር ጋር ይደባለቅ፤ ጠልቆ የቆፈረ ሥር ይበጥሳል። ውኃ ይጠጣ፣ በላዩም ሣር ይጎዝጎዝበት። ጊዜው ደግሞ ዋና ነገር ነው። ማዳበሪያው ለመፍረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ጎመኑ መጠቅለል ከመጀመሩ በፊት መሰጠት አለበት። ከጠቀለለ በኋላ መስጠት እንግዳው ከሄደ በኋላ ቡና እንደ ማፍላት ነው።

ሁሉም ነገር ከላይ ይነሰነሳል ማለት አይደለም። የአጥንት ዱቄት የሚፈለገው ለፎስፎረሱ ነው፤ ፎስፎረስ ግን በአፈር ውስጥ ከተጣለበት ብዙም አይንቀሳቀስምና ቦታው በተከላ ጊዜ ከሥሩ አጠገብ ነው። ያውም የሚሟሟው በኮምጣጣ አፈር ላይ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አጥንትማ ፈጽሞ አይነካም፤ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጭድና ሰጋቱራ ከአፈር ጋር ከተደባለቁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ናይትሮጅናቸው ጥቂት ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ የጎደላቸውን ከአፈሩ ይወስዱና ጎመኑ ይብሱን ይራባል። እነሱ ከላይ ለጉዝጓዝ ይሁኑ። አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ይሰጣል፣ እንደ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ያለውንም ቀይ ኮምጣጣ አፈር ያለዝባል፤ ናይትሮጅን ግን የለውም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ሄዷልና! አመድን ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም አሞኒያውን ማባረር ነው።

እንግዲህ ላሟስ? በበኩሌ የሳቁት ጓደኞቻችን ከፊል እውነት አላቸው እላለሁ። ላም ከምትበላው ናይትሮጅን ወደ ወተቱ የሚገባው ከአራት እጅ አንዱ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የቀረው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ንጹሕ ፋጉሎ መጀመሪያ ላሟ ትብላው፣ ጎመኑ ከእርሷ ይቀበል። ወተቱ ትርፍ ነው። ችግሩ ግማሽ ያህሉ ናይትሮጅን በሽንት የሚወጣ መሆኑ ነው፤ እኛ እበቱን ለቅመን ሽንቱን ለመሬት እንተዋለን። በረቱ ውስጥ ጭድ ቢነጠፍ ሽንቱን ይመጥጠዋል። ያ አዛባ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልሎ ተከምሮ ከበሰበሰ፣ ከደረቀና ከተፈጨ ከላይ የሚነሰነስ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል።

ለጎመን በቀጥታ የሚሰጠው የሻገተው ፋጉሎ ነው። የሻገተ መኖ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ መርዙም ወደ ወተት ያልፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መኖና ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ ተገኝቷል፤ የኑግ ፋጉሎም ከምንጮቹ አንዱ ነበር። በአፈር ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል። የሚወቅጠው ሰው አፍንጫና አፉን በጨርቅ ይሸፍን፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰላጣና ካሮት ነው። ሳይበሰብስ የደረቀ በጠጥና የዶሮ ኩስ ደረቀ ተብሎ ከጀርም አይነጻም። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ግብርና ደንብ ያልበሰበሰ ፍግ ከተጨመረ በኋላ አፈር የሚነካ የምግብ ሰብል እስኪሰበሰብ 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን እንዲቆይ ያዛል። የእኛ ሰላጣ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ጥሬ በጠጥ በሰላጣ መደብ ላይ አይነስነስ፤ ለሰላጣ በደንብ የበሰበሰው ይሁን፣ በጠጡ በድስት ለሚበስለው ጎመን ይቅር።