ሕፃናትን መልካም ጽሕፈት ስለ ማስተማር

በብዙ ትምህርት ቤቶች ሕፃኑ «ጻፍ» ሲባል በሰሌዳው ላይ ያለውን ይገለብጣል። እጁ ይሠለጥናል፤ ፊደሉም ያምራል። ይሁን እንጂ አሳቡን በገዛ ቃሉ እንዲያሰፍር ቢጠየቅ ከአንድ መስመር አያልፍም። ይህ ልጅ ሲያድግ አቤቱታውን እንኳ ሌላ ሰው እንዲጽፍለት የሚለምን ይሆናል። ስለዚህ ጽሕፈትን በሚገባ ማስተማር ለድኻው አንደበት መስጠት ነው።

ይህን በጥልቀት ከተረዱት ካህናት አንዱ የፍሎሬንስ ሀገረ ስብከቱ አባ ሎሬንዞ ሚላኒ ነበሩ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1954 ባርቢያና ወደምትባል የተራራ ቁምስና ተልከው፣ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1963 የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ማርዮ ሎዲ ከጎበኟቸው በኋላ የሁለቱ መምህራን ተማሪዎች ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ በባርቢያና በኅብረት መጻፍ የተጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። በ1967 አባ ሎሬንዞ ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ስምንት ልጆች በዚህ መንገድ ያዘጋጁት «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የተባለው መጽሐፍ ታተመ።

አሠራሩ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ስለ ጉዳዩ የመጣለትን አሳብ በየቁራጭ ወረቀቱ ለየብቻ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቶቹ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የተደጋገመው ይነሣል፤ የሚዛመደው በአንድነት ይቀመጣል፤ ቅደም ተከተልም ይወጣለታል።

ሦስተኛ፣ ትርፍ ቃል ይሰረዛል፤ የረዘመ ዓረፍተ ነገር ይከፈላል።

አራተኛ፣ ጽሑፉ ብዙ ላልተማረ ሰው ይነበባል፤ ያልገባው ቦታ ይታረማል።

ውድ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፣ ይህን በየቁምስናችን ለመፈጸም ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ለምሳሌ በሕመም ምክንያት ቅዳሴ ለማስቀደስ ላልቻሉ አንዲት አረጋዊት እናት ልጆቹ በኅብረት ደብዳቤ ይጻፉ። ማን እንደሚያነብላቸው ሲያውቁ የሚጽፉት ነገር አያጡም። መምህሩ ግን ገና ከመነሻው «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን ስለ ማቀያየራቸው ወረቀቱን በቀይ ቀለም ቢሞላው፣ ልጁ የማይሳሳትባቸውን ቃላት ብቻ እየመረጠ ይጽፋል፤ የልቡንም ይሰውራል። እንግዲህ አስቀድሞ አሳቡ፣ ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ፣ በመጨረሻ ፊደሉ ይታረም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን በላከው መልእክት መጨረሻ ብዙዎችን በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ልጆቻችንም ጽሕፈትን እንዲህ ይማሩት፤ በፊታቸው የሌለውን ወንድም እያሰቡ፣ እርሱ በሚረዳው ቃል፣ እውነቱን ይጻፉለት።