«አልመጣም አለ»፦ ከአማርኛ ንግግር ወደ እንግሊዝኛ ተዘዋዋሪ ንግግር

በአማርኛ የተካሄደ ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ የተጠያቂው ቃል በአብዛኛው በተዘዋዋሪ ንግግር ይቀርባል። ሽግግሩ በትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገር የመለወጥ ልምምድ ተብሎ የሚታወቅ ቢሆንም፣ በጥናት ሥራ ላይ ግን ማን ምን እንዳለ የሚወስን ተግባር ነው።

በእንግሊዝኛ የተናጋሪው ቃል ወደ ዘጋቢው ዕይታ ይዞራል። «አይ አም ታየርድ» ያለች ሴት ንግግር «ሺ ሰይድ ዛት ሺ ዋዝ ታየርድ» ይሆናል፤ መደቡም የግሡ ጊዜም አብረው ይለወጣሉ። እንደ «ቱሞሮ» እና «ሂር» ያሉ አመልካች ቃላትም እንደ ሁኔታው ይከተላሉ። ኦቶ የስፐርሰን በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰዋስው ፍልስፍና መጽሐፍ ለተዘዋዋሪ ንግግር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍት ሰንጠረዦች ግን ለውጡን ፍጹም ግዴታ አስመስለው ማቅረብ ይቀናቸዋል። እንዲህ አይደለም፤ የተነገረው ነገር በዘገባው ጊዜም ጸንቶ የሚገኝ ከሆነ ግሡ በአሁን ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

አማርኛ በሌላ መንገድ ይሄዳል። «ከበደ ጀግና ነኝ ይላል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ጀግናው ራሱ ከበደ ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው መደብ ዘጋቢውን ትቶ ወደ ከበደ ዞሯል። ዴቪድ ካፕላን በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው «እኔ» የመሰለ ቃል እንዲህ ሊዞር እንደማይችል ተከራክሮ፣ ይህን የሚያደርግ አገባብ ቢኖር «ጭራቅ» እንደሚሆን ጽፎ ነበር። ፊሊፕ ሽሌንከር ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በዚሁ የአማርኛ አነጋገር ላይ ተመሥርቶ ተቃራኒውን ተከራከረ። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። «ሂ ሰይድ ዛት አይ አም ሲክ» ብሎ የሚጽፈው ተማሪም በግድየለሽነት አልተሳሳተም፤ «ታምሜአለሁ አለ» የሚለውን አገባብ እንዳለ ተሸክሞ ገብቷል።

ችግሩ የሚከብደው በጽሑፍ ላይ ነው። «ከበደ አልመጣም አለ» የሚል መስመር በቃለ መጠይቅ ግልባጭ ውስጥ ተገኘ እንበል። «ጣ» ላልቶ ከተነበበ ግሡ አንደኛ መደብ ነው፤ ከበደ ራሱ ለመምጣት እምቢ ብሏል። አልፎ አልፎም፣ ዐውዱ ከፈቀደ፣ የማይመጣው ዘጋቢው ሊሆን ይችላል። «ጣ» ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ከበደ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው መቅረት ነው፤ ስለ ራሱ መቅረት ቢናገር ኖሮ «አልመጣሁም» ይል ነበር። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ከበደ ሰይድ ሂ ዉድ ኖት ከም»፣ የመጨረሻው «ከበደ ሰይድ ሂ ሃድ ኖት ከም» ይሆናል። አንዱ እምቢታ፣ ሌላው ምስክርነት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ በእንግሊዝኛው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር «ሂ» ከበደንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ጠብቆ የተነገረው አማርኛ የዘጋው አሻሚነት በትርጉሙ ተመልሶ ይከፈታል። ቀሪው ሰው በስሙ ወይም በሥራ ድርሻው ካልተጠራ አንባቢው ከበደ ስለ ራሱ የተናገረ ሊመስለው ይችላል።

«እንደ» የሚለውን መነሻ መጠቀም የመደቡን ችግር ያቃልላል፤ «እንደሚመጣ ነገረኝ» ሲባል መጪው አንደኛ መደብ ተብሎ አይነበብም። የጊዜው ጉዳይ ግን ይቀራል፤ ዋናው ግሥ ኃላፊ ሆኖ ሳለ «እንደሚመጣ» አይለወጥም። ስለዚህም «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዊል ከም» ተብሎ ይተረጎማል። በእንግሊዝኛ ይህ አባባል መምጣቱ ዘገባው በሚጻፍበትም ቀን ገና ወደፊት ያለ ያስመስላል። ቃለ መጠይቁ በሚያዝያ ተደርጎ ጽሑፉ በዓመቱ ከቀረበ፣ ጊዜው ያለፈበት ቃል ኪዳን ገና የሚጠበቅ ሆኖ ይነበባል፤ ተገቢው «ዉድ» ነው።

ግልባጩ በሚዘጋጅበት ጊዜ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ማድረግ፣ ቢያንስ ከ«አለ» በፊት ለሚገኙ ግሦች፣ ብዙ ድካም አይጠይቅም። ተርጓሚው ከቅጂው ርቆ በወረቀቱ ብቻ ሲሠራ ከበደ እምቢ ማለቱን ወይም ሌላ ሰው መቅረቱን መመስከሩን የሚለይበት ምልክት ይህ ነጥብ ነው።